«በሙሉ» ማለት ስንት ነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደ ስብሰባ አንድ ባለሥልጣን ማይክሮፎኑን ይዘው «የሰሜን ሸዋ ሕዝብ በሙሉ ከጎናችን ነው፤ ይህ አስተያየት ሳይሆን የማይካድ ሐቅ ነው» አሉ። ተጨበጨበ። ይህን እንኳ ለምደነዋል። ያናደደኝ በማግስቱ ቡና ላይ ስንጨቃጨቅ አንድ ወዳጄ የመለሰልኝ ነው፦ «ምን ታካብዳለህ? የፖለቲካ ንግግር እኮ ሁሉም አስተያየት ነው።»

ምቹ መደበቂያ ነው! ሰውየው «አስተያየት አይደለም» ብለው የማሉበትን ጠበቃቸው «አስተያየት ነው» ይለኛል። ደግሞስ ውሸት አስተያየት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? መሐል ሜዳ ገበያ በግ የሚሸጥ ሰው «ይሄ በግ ያምራል» ቢለኝ የዓይኑ ነገር ነው፤ አልከራከረውም። «ላቱ ሙሉ ነው» ካለኝ ግን ጀርባውን ዳብሼ፣ እጄን ሰድጄ እጨብጠዋለሁ። ባዶ ሆኖ ሳገኘው «እሱማ የኔ አስተያየት ነበር» ቢል ገበያተኛው ሁሉ ይስቅበታል። ሊጨበጥ የሚችል ነገር ተናግሯላ! ባለሥልጣኑም እንደዚያው ናቸው። ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ ብቻ ንግግሩ ወደ አስተያየት መዝገብ አይዛወርም።

«በሙሉ» ቁጥር ነው። ማን ቆጠረ? ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ያለው የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስንት እንደሆንን በግምት የምንኖር ሰዎች፣ ልባችን ወዴት እንዳዘነበለ ግን አንድ ሳይቀር ተቆጥሮልናል።

ድሮ በዛፍ ጥላ ሥር ሙግት ሲሰማ ምስክር «ያየኸውን ነው የሰማኸውን?» ተብሎ ይፋጠጥ ነበር። ያየ «በዓይኔ በብረቱ» ይላል፤ ያላየ ዝም ይላል። የመድረኩ ግሥ ግን ባለቤት የለውም፦ «ተረጋግጧል»፣ «እየተሠራ ይገኛል»፣ «እንደሚታወቀው»። ማን አረጋገጠ? ማን ይሠራል? እኔ በበኩሌ «እንደሚታወቀው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም እንደማያውቀው እርግጠኛ ነኝ።

«ዘንድሮ ካምናው ይሻላል ብለን እናምናለን» ቢሉ መብታቸው ነው። እምነት ነው ብለው እስከተናገሩ ድረስ ማንም አይጠይቃቸውም።

ወዳጄን በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቅኩት። ንግግር ሁሉ አስተያየት ከሆነ የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለማን ወጣ? አንድ ወጣት ፌስቡክ ላይ ሲለጥፈው «ሐሰተኛ መረጃ»፣ አዳራሽ ውስጥ ሲጨበጨብለት «አስተያየት» የሚባለው በየትኛው አንቀጽ ነው?

«አንተ ደግሞ!» ብሎኝ ተነሣ። የቡናውን ሒሳብ ግን እሱ ከፈለ።