ወደ ኋላ አትመልከቱ ያለን ሦስት ቁጥር

ባለፈው ቅዳሜ 300 ብር ከፍዬ ሰው ሲጮህብኝ ዋልኩ። ባለቤቴ ስትሰማ «እዚህ በነጻ አልነበር እንዴ?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ያ ድሮ እዚህ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ሲጫወት አይተው ትልቅ ክለብ የወሰዱት፣ ጨዋታው በቲቪ ሲተላለፍ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ሳሎን ታጭቆ «ያውላችሁ! ያውላችሁ!» ሲል ካሜራው ዘሎት የሚያልፈው ልጅ፣ ኳስ ካቆመ በኋላ የት ገባ ስንል ከርመን አነቃቂ ተናጋሪ ሆኖ መጣ። ፒያሳ ላይ ባነር ተሰቀለ። ሱፍ ለብሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ከኋላው ጦሳ ተራራ፣ ከላዩ «ከቤንች ወደ ስኬት!» ይላል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባነሩን ቀና ብሎ አየና «ቤንች ማጂ ነበር እንዴ የሚጫወተው?» አለ፣ የምሩን ነው።

ስሙን አልጠራም፣ ሦስት ቁጥር እንበለው፣ ማልያው ሦስት ቁጥር ስለነበር። ግራ ተመላላሽ ነበር። በኋላ ጉልበቱ ሲሄድበት የሆስፒታል ተመላላሽ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ከከተማ ከተማ እየተመላለሰ ያነቃቃል፣ በቃ ይሄ ልጅ የተፈጠረው ለመመላለስ ነው።

ስምንት ሰዓት የተባለው ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ርዕስ የሰዓት አጠቃቀም ነበር። ቪአይፒው 1,000 ብር ነው፣ እኔ እንዳየሁት ልዩነቱ አንድ ሃይላንድ ውሃና ስፒከሩ አጠገብ መደንቆር ነው። ሙዚቃው አዳራሹን እየናጠው ሦስት ቁጥር በሩጫ ገባ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ጎተት እያደረገ፣ ማይኩን ያዘና «ደሴዎች! ነቅታችኋል?!» አለ። ቅዳሜ ነው፣ ከገበያ ነው የመጣነው፣ ከጎህ ጀምረን ነቅተናል። ግን አጨበጨብን።

ከዛ «አጠገባችሁ ላለው ሰው ዓይኑን እያያችሁ አንተ አሸናፊ ነህ በሉት!» አለ። አጠገቤ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? የሰፈራችን ባለሱቅ። ከረመዳን በፊት ጀምሮ የሱ 4,200 ብር ዕዳ አለብኝ፣ በሱቁ በር ማለፍ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ዓይኔን ትኩር ብሎ አየኝና «አንተ አሸናፊ ነህ» አለኝ፣ ቀጠለና ዝቅ ባለ ድምፅ «እስካሁን አሸንፈኸኛል ወላሂ»።

አሁን ዋናው መጣ። «ከኮምፎርት ዞናችሁ ውጡ!» አለ። እኔ ዞር ዞር አልኩ፣ ደሴ ላይ ኮምፎርት ዞን የሚባለው የት ሰፈር ነው? ከተማው ጦሳ ስር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ዳገት፣ ገዝተህ ስትመለስ ዳገት (ሁለቱም እንዴት ዳገት እንደሚሆን የጂኦግራፊ አስተማሪያችንም አልገባውም ነበር)፣ ክረምት ላይ ጉሙ ገብቶ ከባለቤትህ ጋር በድምፅ ነው የምትተዋወቀው፣ ማን ተመችቶት ነው ከየት የሚወጣው? ከኋላ ከኮምቦልቻ የመጡ ልጆች ነበሩ፣ እዛ ሞቅ ያለና ሜዳ ስለሆነ አንዱ እጁን አውጥቶ «ኮምፎርት ዞን ያልከው እኛን ነው?» አለ። አዳራሹ ፈረሰ። ከዛ በኋላ ለአስር ደቂቃ ያህል ንግግሩ ቀርቶ የተለመደው የደሴና የኮምቦልቻ ንትርክ ሆነ፣ እኛ ብርዳችንን እንደ ባህርይ እነሱ ፋብሪካቸውን እንደ ርስት እየቆጠርን፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው እኮ በመካከላችን ያለው ግን ሁለት አገር ነው የምንመስለው።

ሦስት ቁጥር መድረኩን ለማስመለስ ታሪክ ጀመረ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለቴ መራችን፣ ሁለቴ አቻ ሆንን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፣ ይሄ ምን ይባላል? ማይንድሴት ይባላል! አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልጄ፣ ያኔ ማይንድሴት የሚባል ተጫዋች አልነበረም። መንግሥቱ ወርቁ ነበር፣ ሉቻኖ ነበር፣ ኢታሎ ነበር» አሉት። ሊቀመጡ ሲሉ ትዝ አላቸውና «ደሞም አራት አገር ብቻ ነበር የተሳተፈው፣ ሁለት ጨዋታ አሸንፈን ነው ዋንጫ የበላነው፣ ከዛ ወዲህ ግን አልደገምነውም» ብለው ቁጭ አሉ። የሰውዬውን ተስፋ በጠራራ ፀሐይ ገደሉት። ቢሆንም ከሁሉም በላይ የተጨበጨበው ለሳቸው ነው።

ቀጥሎ ያለውን ስሙኝ። «በሕይወት ሜዳ ላይ ወደ ኋላ አትመልከቱ! ሁሌ ወደ ፊት!» አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለን የሰፈር ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ይሄ ልጅ እኮ ስንት ዓመት ሲጫወት ኳስ ወደ ፊት ሲያቀብል ያየው ሰው የለም! ኳስ ስትደርሰው የመጀመሪያው ነገር ለበረኛው ነው፣ ከተጋጣሚ አጥቂዎች ሁሉ የበለጠ የገዛ በረኛውን ያስጨነቀው እሱ ነው። ግን አልፈርድበትም። ደሴ ሰፈር ውስጥ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፣ ጎል ማግባት ሳይሆን ኳሷን ከቁልቁለቱ ማስቀረት ነው ዋናው ችሎታ፣ አንዴ ካመለጠች ወይ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነች ወይ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ አይሱዙ ስር፣ ሕጉ ደግሞ «ያስመለጠ ያመጣል» ነው። እንዲህ ያደገ ልጅ ወደ ፊት ያቀብላል?

ጥያቄና መልስ ሲባል አንድ አስራ ሦስት አስራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተነሳ። «ታኬታ አሁን ስንት ገባ?» አለ። ሦስት ቁጥር ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለና «ወንድሜ፣ ጥያቄው ታኬታ ስንት ነው አይደለም፣ ጥያቄው ህልምህ ስንት ነው የሚለው ነው» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ህልሙማ በነጻ ነው፣ ታኬታው ነው የጠፋው» አለ። እዚህ ጋ ሙዚቃ ተከፈተ።

ፎቶ ተነስተን ወጣን። ወደ ማታ ግን ያላሰብኩት ሆነ። እትዬ፣ ድሮ እሱን በጀርባቸው ያዘሉት ጎረቤታችን፣ ቡና አፍልተው ጠሩን፣ እሱም መጣ። ሱፉን አውልቆ፣ ያቺን ቀኝ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን እያሸ ተቀመጠ። እጣኑ እየጨሰ፣ ጀባ እየተባለ፣ አቦሉ ላይ ገና ያው ቪዥን ምናምን ይላል፣ እትዬ «አንተ፣ ቡናውን ጠጣ» አሉት፣ ቶናው ላይ ዝም አለ፣ በረካው ላይ ማውራት ጀመረ።

ጉልበቱ የተጎዳው ልምምድ ላይ ነው፣ ጨዋታ ላይ እንኳን አይደለም። «ወጌሻው ሮጦ መጣ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ረጨብኝና ተነስ ምንም አልሆንክም አለኝ፣ በሕይወቴ የሰማኋት የመጀመሪያዋ አነቃቂ ንግግር ያቺ ነች። አምኜው ተነሳሁ፣ ያኔ ነው የተበጠሰው» አለ። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንገባ፣ እኛ እዚህ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ ጠረጴዛ ስንገለብጥ፣ እሱ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ነው ያየው፣ ጎሉ ሲገባ ዘሎ ሊነሳ ሲል ነው ዳግም ያመመው። ከዛ አንድ ክለብ በርካሽ ወሰደው፣ ስሙን አልናገርም፣ እሱም አልተናገረም፣ ዞር ብሎ ምራቁን ዋጠ ብቻ። «የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ተባለ በ2011 ክረምት፣ ጓደኞቼ ሁሉ ጣሪያው ዝቅ አለ ብለው ሲያለቅሱ እኔ የሦስት ወር ወለሉንም አልከፈሉኝም ነበር» አለ። ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። የመጨረሻ ታኬታውን ለቤት ኪራይ ሸጠ። ከዛ አንድ ሰው የሦስት ቀን ስልጠና አስገባው፣ በአራተኛው ቀን አሰልጣኝ ሆነ።

«ታዲያ ይሄን ለምን አዳራሹ ላይ አላወራህም?» አልኩት።

«ባክህ፣ ለዚህ ማን 300 ብር ይከፍላል?»

ባለሱቁም እዛው ነበር፣ እትዬ ጋ ሁሌ አለ። ሲኒውን አስቀመጠና «እኔ እከፍል ነበር፣ የሚከፍለኝ ባገኝ» ብሎ እኔን አየኝ። ይሄ ሰውዬ አይተወኝም።

እትዬ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ መጨረሻ ላይ «ያቺን ጉልበቱን አላህ ይጠግንለት» አሉ፣ ሁላችንም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አሚን አልን። ቀን ላይ በስፒከር ብዙ ነገር በሉ ተብለን ብለናል፣ እንደዚህ አንድ ላይ ግን አልወጣልንም ነበር።

ልሸኘው ወጣሁ። ሊጨልም ሲል ነው፣ ከላይ ከዳገቱ ልጆች እየተጫወቱ ኳሷ አመለጠቻቸው፣ እየነጠረች ቁልቁል መጣች፣ ከኋላዋ አምስት ስድስት ልጅ «ያዛት! ጋሼ ያዛት!» እያለ ይሮጣል፣ ፊት ለፊቱ ያ የታኬታው ልጅ ነው። ሦስት ቁጥር ቦርሳውን ጣለ፣ በግራ እግሩ አንዴ ነካ አደረጋት፣ ኳሷ እግሩ ስር ቀጥ አለች፣ ወላሂ የተሰፋች ነው የምትመስለው።

ከታች በኩል ጎሉ ድንጋይ ለድንጋይ ተደርድሮ ባዶውን ነበር። ልጆቹ «አግባት! አግባት!» ብለው ጮሁ። ቀና አለ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ዞረና ለበረኛው መለሰለት።