ጎረቤት እያለ ጠላት ምን ይሠራል?

ጦርነት ሲመጣ የተቀያየመ ይታረቃል የሚሉ የዋሆች አሉ። በ1812 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር የገጠሙት አሜሪካውያን እንዲህ አልተታለሉም። እንግሊዝን ለመውጋት መርከብ ያስፈልጋል፣ ባሩድ ያስፈልጋል፤ የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ግን እዚያው ሰፈር ነው ያለው።

የፕሬዚዳንት ማዲሰን ጦርነት በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በ79 ለ49 ድምፅ ነው፤ ከተቃዋሚው ፓርቲ ከፌዴራሊስቶቹ እጁን ያወጣ አንድም ሰው አልነበረም። በባልቲሞር የሚታተም ጋዜጣቸው «ጦርነቱ ስህተት ነው» ቢል፣ የሪፐብሊካኖቹ (የማዲሰን ፓርቲ እንጂ የዛሬው አይደለም) ጀግኖች ወደ ካናዳ ሲዘምቱ ጊዜ አላጠፉም፤ ማተሚያ ቤቱን አፈረሱት። በወሩ ደግሞ ጋዜጠኛውና ወዳጆቹ ለደኅንነታቸው ወደገቡበት እስር ቤት ሰብረው ገቡ። ከነዚሁ ወዳጆች አንዱን ጄኔራል ሊንገንን በነጻነቱ ጦርነት የእንግሊዝ የእስረኛ መርከብ አልገደለውም ነበር፤ የቀረውን የአገሩ ልጆች ጨረሱለት። የጆርጅ ዋሽንግተን የፈረሰኛ አዛዥ የነበረው ሄንሪ ሊ ወድቆ ሳለ፣ ሞቶ እንደሆነ ለማጣራት ዓይኑ ላይ የቀለጠ ሻማ አንጠባጠቡበት። ጥንቃቄ ይሏል ይህ ነው!

ፌዴራሊስቶቹስ ቢሆኑ መች ይታማሉ? የማሳቹሴትሱ ገዥ ኬሌብ ስትሮንግ ፌዴራል መንግሥቱ ጦር ላክ ሲለው ጾም አወጀ። የግዛቱ ሴኔት በ1813 አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ድል ቢያደርግ፣ ጠረፍን ከመከላከል ያለፈ ጀብዱ ማመስገን ለሃይማኖተኛ ሕዝብ አይገባም ሲል ወሰነ። ጾሙ ግን ቬርሞንትና ኒውዮርክ አልደረሰም መሰለኝ፤ በ1814 የካናዳው የእንግሊዝ ገዥ ከሠራዊቱ ሁለት ሦስተኛው የሚበላው የአሜሪካ ነጋዴ ያቀረበለትን ሥጋ እንደሆነ ለአለቆቹ ጽፏል። ከብቱ ከመብዛቱ የተነሳ መንገዱ አልበቃ ብሎት ዱሩን እየጣሰ ይሻገር ነበር። ጠላትን አጥግቦ መዋጋት፣ መቼም ጨዋነት ነው።

ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን በእንግሊዝ ጦር ከተቃጠለች ከጥቂት ወራት በኋላ ፌዴራሊስቶቹ ሃርትፎርድ ላይ በር ዘግተው መከሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚል ጥያቄያቸውን ይዘው ዋና ከተማዋ ሲደርሱ በእንግሊዝ ላይ የተገኘው የኒው ኦርሊየንስ ድልና የዕርቁ ወሬ ቀድሟቸው ጠበቃቸው። በዚህ ብዙ ተሳቀ። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ የ1816ቱ ነው፦ በ1811 ብሔራዊ ባንኩን ያዘጉት ሪፐብሊካኖች ባዶ ካዝና ይዘው ተዋግተው ሲያበቁ ያንኑ ባንክ መልሰው ሲያቋቁሙ፣ ቀድሞ ባንኩን የወለዱት ፌዴራሊስቶች በብዛት ተቃወሙት። አቋም እንዲህ ነው፤ ጉዳዩ ቢለዋወጥም ባላንጣው አልተለወጠ!