«አለሁበት» ብላችሁ ለጠፋችሁ

ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው ቴክስቱ የገባው። «ይቅርታ፣ ለካ ዋና አልችልም።» ለካ?! ሦስት ወር ሙሉ ስለ ስኖርክሊንግ፣ ማስክና የአየር ቱቦ አድርጎ ባሕር ላይ ስለ መዋኘት፣ ስናወራ ምን መስሎሽ ነበር? የአውቶቡስ ሽርሽር?

ፍሎሪዳ፣ ኪ ላርጎ እንሂድ ያላችሁት እናንተ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሕሩ ውስጥ የቆመውን የክርስቶስ ሐውልት ቪዲዮ ልካችሁ «ሳናየው አንሞትም» ያላችሁትም እናንተ። እኔ ምን አጠፋሁ? ጀልባ ያዝኩ፣ ቀብዱን በካርዴ ከፈልኩ። ስምንት ሰው «አለሁበት» አለ፤ አንዱማ የእሳት ኢሞጂ ደርድሮበት። ድርሻችሁን ላኩ ስል ግሩፑ ጭጭ። ከሳምንት በኋላ አንዱ ብቅ ብሎ «ዓሣ ማጥመድ ይቻላል?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ጥብቅ ስፍራ እኮ ነው፣ ኮራሉን፣ ያን ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ፣ በእግርህ እንኳ መንካት ክልክል ነው፣ ጀልባው ራሱ ኮራሉን እንዳይጎዳ መልሕቁን ትቶ ተንሳፋፊ ቡይ ላይ ነው የሚታሰረው፣ አንተ መንጠቆ ይዘህ ልትመጣ? ደግሞስ መች ከፈልክና!

ካፒቴኑ ነፋስ አለ ብሎ ቢሰርዝ ገንዘቤ ይመለሳል። እናንተ ስትሰርዙስ? ነፋሱ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ብቻዬን እሄዳለሁ። ስምንት ማስክ አድርጌ።