ወደ መንዝ የማይደውል ሲም

ሆዴ የሞላውን ዛሬ ላውጣው። ውጭ አገር ሲም ካርድ መግዛት ሰውን ይህን ያህል ማንገላታት አለበት? በተለይ የታመመ ሰው ይዞ ለሚሄድ፣ በተለይ አገር ቤት ተራ ቀፎ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ላለው። ሁሉም ስለ ጊጋ ባይት ያወራል። እናትህ ጋ ይደውላል ወይ የሚለውን የሚመልስልህ የለም።

አባዬን ለልብ ሕክምና ይዤ ዴልሂ ሄጄ ነበር። እማዬ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ቀረች። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ ይደውላል፣ ይቀበላል፣ በቃ። ከደብረ ብርሃን ስንነሳ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፤ «እንደገባችሁ ድምፁን አሰሙኝ»።

ጉዞውን ያስፈጸመልን ኤጀንት የሚያስፈልገውን ሁሉ በዝርዝር ሰጥቶናል። የሕክምና ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ዶላር። ስለ ስልክ ስንጠይቀው «እዚያ ኤርፖርት ትገዛላችሁ፣ ርካሽ ነው» አለን። አለቀ። ርካሽ መሆኑስ እውነት ነው፤ ሕንድ የሞባይል ዳታ ርካሽ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። ዳታ መች ጠፋብን?

ዴልሂ ኤርፖርት ስንደርስ ሲም ሻጩ ፓስፖርቴን ተቀበለ፣ ቪዛውን አየ፣ ፎቶ አነሳኝ። ከዚያ ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። በቀን 2 ጊጋ ባይት፣ ለ28 ቀን፣ ጥሪ ያለ ገደብ። «ወደ ኢትዮጵያስ ይደውላል?» አልኩት። «ችግር የለም» አለኝ። ከፈልኩ።

ስልኬ ባለ ሁለት ሲም ይባላል እንጂ ሁለተኛው ቦታ የሜሞሪ ካርዱም ማደሪያ ነው። ወይ ሲም፣ ወይ ሜሞሪ። የአባዬ የምርመራ ወረቀቶች ፎቶ ሜሞሪው ላይ ነው። የአገር ቤቱን ሲም እንዳላወጣው ደግሞ የባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሱ ነው። ሻጩ የቱ ይውጣ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። በመርፌው ወጋ አድርጎ መያዣውን ሳበ፣ የአገር ቤቱን ሲም መስታወቱ ላይ ጣል አደረገና አዲሱን አስገባ። ከጥፍር የማትበልጥ ነገር! በሶፍት ጠቅልዬ አባዬ ፓስፖርት ውስጥ ከተትኳት። ገንዘቤ ሁሉ በዚያች ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ነው የታሰረው።

አዲሱ ሲም ደግሞ ወዲያው አይሠራም። ምዝገባው ተጣርቶ እስኪከፈት ሰዓታት ይፈጃል። የኤርፖርቱን ዋይፋይ ልጠቀም ስል በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ ጠየቀኝ። ታክሲ በመተግበሪያ ልጥራ ስል እሱም ኮድ። የሚሠራ ቁጥር የለኝማ! አባዬ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ደወልክላት?» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ደወልክላት?»

ሲሙ ሲከፈት ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ መለሰልኝ። ለካ ያ ገደብ የሌለው ጥሪ ሕንድ ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ውጭ ለመደወል ሌላ ሂሳብ መሙላት ያስፈልጋል፤ እሱም በደቂቃ ይቆረጣል። ኢትዮጵያ ደግሞ ለመደወል ውድ ከሚባሉት አገሮች ተርታ ናት። ሻጩ ይህን አያውቅም? በደንብ ያውቃል። ጠይቄዋለሁ እኮ! በግልጽ ጠይቄዋለሁ!

«ዋትስአፕ አለ አይደል፣ ኢሞ አለ አይደል» የሚለኝ ሰው አለ። በጣም ያናድደኛል። ዋትስአፕ የሚሠራው በሁለቱም በኩል ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት እንደተዘጋ ረሳችሁት? ያኔ ውጭ ያለ ልጅ ሁሉ ስልኩ በዳታ ተሞልቶ ቤተሰቡን ማግኘት አቅቶት ነበር። ኢንተርኔቱ ሲኖርም እማዬ እጅ ያለው ያው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።

ምን አደረግን? ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ በቴሌግራም እነግረዋለሁ፤ እሱ በተራ መስመር ለእማዬ ይደውላል። እማዬ ግን አላመነችም። ለምን ታምናለች? በእኛ አገር ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። እስከዚያ ድረስ «ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው» ይባላል። እንዲህ ባለ አገር ላደገች ሴት፣ ባሏ ውጭ አገር ለልብ ቀዶ ሕክምና ሄዶ፣ ድምፁን ሳትሰማ «ደህና ነኝ ብሎሻል» የሚል መልእክት በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ምን ትጠረጥራለች? «እውነቱን ደብቃችሁኛል» ብላ እህል አልቀምስም አለች። ጎረቤት እየተሰባሰበ ያጽናናት ጀመር። ይታያችሁ! አባዬ እኔ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው፤ እዚያ ግን ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሏል። ይህ ሁሉ በአንድ የሲም ፓኬጅ ምክንያት። በኋላ የውጭ ጥሪ ሂሳብ ሞልተን «አለሁ፣ አለሁልሽ» ብሎ ሲያናግራት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

በይነመረቡ ላይ ያለው ምክርስ? ከየትኛው ሲም የትኛው ይፈጥናል፣ ቪዲዮ ለማየት የትኛው ይሻላል። ኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ የሌለውን፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫነውን ሲም፣ በመተግበሪያ ግዛ ይሉሃል። በምን ካርድ? ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የውጭ ክፍያ የሚቀበል የባንክ ካርድ ኪሱ ያለው ስንቱ ነው? ደግሞ ብዙዎቹ የመንገደኛ ኢ-ሲሞች ዳታ ብቻ ናቸው፤ ስልክ ቁጥር የላቸውም፤ ኮድ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ይዘጋብሃል። ከኢንተርኔት ወደ ተራ ስልክ በርካሽ ያስደውል የነበረው ስካይፕም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ተዘግቷል።

የስልኩ ዓይነት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ጂዮ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር በ4ጂ ብቻ ነው፤ አሮጌ ቀፎዎች የሚሠሩባቸው 2ጂም 3ጂም የለውም። የአባዬን ዓይነት አሮጌ ቀፎ ይዞ የሄደ ሰው ሲሙን ቢያስገባው ኔትወርክ አያገኝም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ስልክ ደግሞ ለአንድ ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ የሌላ ሲም አይቀበልም። እዚያ የተሸጠ አይፎን 14 ጭራሹን የሲም ማስገቢያ የለውም። ይህ ሁሉ ከአገር ሳይወጡ የሚታይ ነገር ነው፤ የሚነግር ካለ።

አገሩ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ሕጉ ይለወጣል። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ አይሠራም፤ ሰው እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱትን ነው የሚጠቀመው። ለንግድ ቻይና የሚሄድ ሰው የአገሩን ሲም ከገዛ ዋትስአፕም ቴሌግራምም ጉግልም አይከፈቱለትም፤ በሮሚንግ፣ ማለትም ውጭ አገርም እንዲሠራ አስከፍቶ የያዘው የኢትዮጵያ ሲም ግን ይከፍትለታል። ቱርክ ብዙ የሚቆይ ሰው ከውጭ የገባ ስልኩን ካላስመዘገበ ከ120 ቀን በኋላ በቱርክ ሲም መሥራቱን ያቆማል። አውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአንዱ አባል አገር የተገዛ ሲም በሌሎቹም በአገር ውስጥ ዋጋ እንዲሠራ ሕግ አውጥቷል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የእህቶቻችን ጉዳይ ነው። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከየገጠሩ ሳዑዲ የሚሄዱት። እዚያ ሲም የሚወጣው በጣት አሻራና በመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዷ ሳይወጣ የቆየች ልጅ በአሠሪዋ ወይም በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ነው የምትደውለው። ከቤቱ የወጣች ዕለት ቁጥሩም አብሮ ይቀራል። እናቷ አገር ቤት ሆና በዚያው ቁጥር ትሞክራለች፣ ትሞክራለች፣ አይነሳም። ልጄ ሞታ ይሆን ብላ ትጨነቃለች። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ ነው?

እናንተ ሰው ወደ ውጭ የምትልኩ ኤጀንቶች፣ የሕክምና ጉዞ የምታስፈጽሙ ሁሉ፣ ስሙኝ። የቢጫ ካርዱን እንደነገራችሁን ይህንንም ንገሩን። በዚያ አገር ሲም በማን ስምና በምን ሰነድ ይወጣል? በስንት ሰዓት ይከፈታል? ወደ 251 በደቂቃ ስንት ይቆርጣል? የአገር ቤቱ ሲም ሮሚንግ ሳይነሱ እንዲከፈት አድርጉ፤ የባንኩ ኮድ የሚመጣው በሱ ነው። ዳታ ሮሚንጉን ዝጉ በሉን፤ ሂሳባችንን ሳናውቀው እንዳይበላው። ኮሚሽን ተቀብላችኋል። ይህን ሳትነግሩት ማንንም ሰው አውሮፕላን ላይ አታሳፍሩ!