ዝምታችንም ይነቅዛል

የጅማ ነዋሪዎች ሆይ፣ በተለይም በሆቴል፣ በቡና ማበጠሪያ፣ በእንጨት ሥራና በግንባታ ቦታ ጉልበታችሁን ሸጣችሁ የምታድሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ቃሌ የሚበረታው በአሠሪዎቻችሁ ላይ ሳይሆን በእናንተና በራሴ ላይ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ይዘን በሥራ ቦታ የሚደርስብንን ሁሉ በዝምታ ስናሳልፍ ኖረናል፤ ሕጉ ግን ለዝምታችን ቀን ቆርጦለታል፣ ቀኑ ሲሞላም ይነቅዛል።

ከራሴ ልጀምር። በዚሁ በከተማችን በአንድ የግል ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኃላፊው ቁልፉን ተቀብሎኝ «ሰኞ እንዳትመጣ» አለኝ። ምክንያቱንም ወረቀቱንም አልጠየቅኩም፤ እኔ የሮጥኩት ወደ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አሠሪዬም ቡና አስፈልቶ ተቀበላቸው፤ ከዚያም «በዓሉ ይለፍ»፣ «ሂሳብ ይዘጋ»፣ «ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ይመለሱ» እየተባለ ስምንት ወር አለፈ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ወደሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ሄጄ ነገሬን ዘረዘርኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ የተሰናበትኩበትን ቀን ነበር። ስነግረው ብዕሩን ከደነው።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ያለ አግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መጠየቅ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄም በ6 ወር ይርጋ (ጊዜው አለፈ ተብሎ) ይታገዳል። የሽማግሌ መመላለስ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። ቆጠራው የሚቋረጠው አቤቱታው ሥራዬ ብሎ ጉዳዩን ለሚያይ የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ወይም ከፊሉን ሲከፍል ነው። እንግዲህ ሽማግሌ ላኩ፣ ወጋችን ነውና አልከለክልም፤ ነገር ግን ሽማግሌው ሲመለስ «እከፍላለሁ» የሚል ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይመለስ፤ ባዶ እጁን ከመጣ ማመልከቻችሁ በዚያው ሳምንት ይግባ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ «ገንዘብ የለኝም» ማለት ምክንያት አይሆንም።

«ውል ሳልፈርም በምን አፌ እከሳለሁ?» የሚለው ሰበብ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያበሳጨኛል። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር የያዘና የተፈረመበት መግለጫ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነውና፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መልእክት ከስልካችሁ አታጥፉ፣ የፈረቃ ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ፣ ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ አሰናብቶ ለዚያው ሥራ መልሶ የሚቀጥር አሠሪ ያንኑ ሰው እንደገና በሙከራ ሊያስጀምረው አይችልም። ስትሰናበቱ «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያስፈርሟችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት በስምምነት ቢተው እንኳ መተዉ ዋጋ የለውም።

የትርፍ ሰዓትን ነገር በብር ላሳያችሁ። በወር 4,160 ብር የሚከፈለውን አስተናጋጅ እንውሰድ። ወሩን 26 የሥራ ቀን፣ ቀኑን 8 ሰዓት ብንይዘው አንዱ ሰዓት 20 ብር ይመጣል። ይህ ልጅ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቶ፣ የአንድ ሰዓት የምሳ እረፍት ወስዶ፣ ምሽት 1 ሰዓት ቢወጣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ትርፍ ሠርቷል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ የቀኑ 60 ብር፣ የወሩ 1,560 ብር ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል፤ በፋሲካም በአረፋም ትሪ ተሸክማችሁ የምትውሉ ይህን ልብ በሉ። «ጉርሻ ታገኝ የለም እንዴ?» ለሚላችሁ፣ ጉርሻው የደንበኛው ቸርነት እንጂ የአሠሪው ክፍያ አይደለም በሉት። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይገባም።

የመጀመሪያው ዓመት የእረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን መሆኑን፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ እንደምታርፍ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋልና አላረዝመውም። ከደመወዛችሁ ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥ ግን አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባቱን ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። የመጋዝ ማሽን ጣቱን የበላው ልጅ «ያልተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይቻለሁ፤ አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው ጥፋት ባይኖርበትም ጭምር መሆኑን፣ የሕክምናውን ወጪና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ የመሸፈን ግዴታ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም። አብረነው የምንሠራው እኛም አልነገርነውም።

ደግሞም ግማሹን ሕግ ብቻ አታንብቡ። ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ሳይናገሩ መጥፋት በከተማችን እንደ ብልጠት ይቆጠራል፤ ሠራተኛም ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ካልሰጠ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ካፌ ወይም አንድ ሱቅ ከፍታችሁ ሁለት ልጅ የቀጠራችሁ ጎረቤቶቼም፣ ትናንት ተቀጣሪ ሳላችሁ ያማረራችሁበትን ነገር ዛሬ በልጆቹ ላይ እየደገማችሁት ነው፤ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው፣ «ዘመዴ ነው፣ እያሳደግኩት ነው» ማለት አያድንም።

አሁን ከሥራ ተሰናብታችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ «ሰኞ እንዳትመጣ» የተባላችሁበትን ቀን አስታውሳችሁ ቁጠሩ። ሦስት ወር ካልሞላ፣ ሽማግሌው ገና መንገድ ላይ ቢሆንም፣ ነገ ጠዋት ወደ ራፖር ጸሐፊው ሂዱ።