ድንኳኑን አሁን ማን ነው የሚተክለው?

ባለፈው ቅዳሜ ለገሃር አካባቢ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ከፊቴ አራት ጎልማሶች ተቀምጠዋል። አንደኛው ጣቱን የፈሰሰ ቡና ነካ አደረገና ጠረጴዛው ላይ መስመር ሳበ። «ይኸው ቀይ ባሕር» አለ። ከመስመሩ ዳር አንድ ነጥብ ጨመረ። «ይኸው አሰብ። ስንት ቀን ይፈጃል?» ጓደኛው «ሦስት ቀን አይሞላም» አለው። የሚያወሩት ስለ ሽርሽር አልነበረም፤ የኤርትራን ወደብ በጦር ስለ መያዝ ነው።

አጠገባቸው አንዲት ሴት በትግርኛ ስልክ ታወራ ነበር። ይህን ስትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቀጥላ አፏን በነጠላዋ ሸፈን አደረገች። ብዙም ሳትቆይ ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። ማኪያቶዋ ግማሽ ድረስ ቀርቷል። ሰዎቹ አላዩአትም። እኔ አይቻታለሁ፤ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ነው።

ወገኖቼ፣ ወደብ መፈለግ ነውር የለውም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከ90 በመቶ የሚበልጠውን የንግድ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ብቻ ሲያመላልስ ያስጨንቃል። ጭንቀቱ ዘይታችን ዋጋ ላይ አለ፤ ማዳበሪያው ዋጋ ላይም አለ። መንግሥት ይነጋገር፣ ይከራይ፣ ይዋዋል። እኔን ያሳፈረኝ አነጋገራችን ነው። ስለ ባሕሩ ስናወራ ዳር ላይ የሚኖረውን ሰው ረስተነዋል። አሰብ ባዶ መሬት አይደለም። አፋር ይኖርበታል፤ የእኛው አፋር ዘመድ። ጀልባ አለው፣ ልጆች አሉት፣ የአባቶቹ መቃብር እዚያ ነው። በቡና ጠብታ ነጥብ ያደረግነው ይህን ሰው ነው።

ደግሞስ ድንበር ለእኛ ሲሆን ላስቲክ፣ ለሌላው ሲሆን ብረት ይሆናል እንዴ? ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አፍሪካ አዳራሽ ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። የእያንዳንዱን አገር ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት ማክበርን ከመርሆቹ አንዱ አደረጉት። በዓመቱ፣ ሐምሌ 1956፣ ካይሮ ላይ ደግሞ ነፃነት ሲገኝ የነበረው ወሰን ይከበር ብለው ወሰኑ። ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። ኢትዮጵያ ግን አጥብቃ ደገፈችው። ለምን እንደደገፈችው ለመረዳት የሶማሊያን ባንዲራ ማየት ይበቃል። መሐሉ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸው አምስት ግዛቶች ማለት ነው። አንዱ ጫፍ ኦጋዴን ነው፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ።

በ1969 የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ፣ ዓለም ፊት ቆመን የጮህነው ያንኑ የካይሮ ውሳኔ ይዘን ነው። «ወገኖቻችን እዚያ ይኖራሉ፣ መሬቱም የእኛ ነበር» ማለት ጦር ለማዝመት አይበቃም ብለናል። ልክ ነበርን። ስንት ሰው ሞቶበታል። ያንን ደንብ ዛሬ እኛው በጣታችን ከሰረዝነው፣ ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ጅጅጋ የእኔ ናት ሲል ምን ይዘን ልንከራከር ነው?

አሁን ያቺ ሴት ለምን ድምፅዋን ዝቅ እንዳደረገች ልንገራችሁ። ወጣቶቹ አታስታውሱትም።

እኔ ያደግኩት ቂርቆስ ነው። እድራችን ውስጥ ድንኳን የሚተክሉ አንድ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ከአሥመራ መጡ፣ እዚሁ አገቡ፣ እዚሁ ወለዱ፣ እዚሁ ሸበቱ። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የድንኳኑን ካስማ የሚመቱበትን ድንጋይ በጨርቅ ይጠቀልሉት ነበር። ሌሊት ላይ ሐዘንተኛው ድምፁን ሰምቶ እንዳይደነግጥ ብለው ነው። ልጅ ሆኜ ያንን ጨርቅ ይዤላቸው አውቃለሁ።

ግንቦት 1990 በባድመ ጉዳይ ጦርነት ተነሳ። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት መኪና መጥቶ ጋሼን ወሰዳቸው። የያዙት አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ነው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እዚህ ቀሩ። ጠዋት ስንነሳ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ጎረቤት ደጃፉ ላይ ተሰብስቧል። ግማሹ ያለቅሳል። ግማሹ «ያው ሻዕቢያ ነው» ይላል። ይህን ያሉት ሰዎች እሳቸው በተከሉት ድንኳን ሥር እናታቸውን የቀበሩ፣ ልጃቸውን ያለቀሱ ናቸው። ይህን ስጽፍ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ ይከብደኛል። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆኖ ኖሮ በአንድ ሌሊት ባዕድ እንደሚሆን ያኔ ነው ያየሁት።

በዚያ ዘመን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ ተባረሩ። ከዚያም በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው ተባረሩ። ጦር ሜዳ ላይ ከሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች አለቁ። ጦርነቱን ያቆመው የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 1993 ተፈረመ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ስልክ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ሃያ ዓመት። የጋሼ ልጆች አባታቸውን የሚጠይቁት ሦስተኛ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነበር።

ሐምሌ 2010 መስመሩ ተከፈተ። ትዝ ይላችኋል? ሰው የማያውቀውን የአሥመራ ቁጥር ሁሉ እየደወለ ሰላም ይል ነበር። ጋሼም ደወሉ። ባለቤታቸው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት። ሰፈሩ ቤቱን ሞላው። ተላቀሱ፣ ተጠያየቁ። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «ድንኳኑን አሁን ማን ነው የሚተክለው?»

በዚያው ክረምት አውሮፕላን ተነሳ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ተከፈተ፤ ወታደር ከወታደር ተቃቀፈ። ጋሼ አንድ ጊዜ መጥተው አይተውን ተመለሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የየብስ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በረራውም በ2016 ማብቂያ ቆመ። አምና መርዶአቸው መጣ። አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ። እድሩ ግን ድንኳን ተከለ። ካስማው የተመታው በጨርቅ በተጠቀለለ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ «ሦስት ቀን አይሞላም» የሚባለው ይህ ሁሉ ባለበት አገር ነው። ባለፈው ጊዜስ ስንት ቀን ይፈጃል ብለን ነበር?

ድንበር መከበሩ ለመሻገር እንዳይቀል አያግደውም። ሞያሌን እዩ። ግማሿ ኢትዮጵያ ነች፣ ግማሿ ኬንያ። ቦረናው ወዲያም ወዲህም ዘመድ አለው። መስመሩን የሰረዘው የለም። በ2013 ግን የጋራ የድንበር ኬላ ተመረቀ፤ መንገደኛውና ጭነቱ ሁለት ጊዜ ከመፈተሽ በአንድ ቦታ እንዲጨርስ ነው። መብራታችን ጅቡቲ፣ ሱዳንና ኬንያ ደርሷል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ብቻ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያ ቡና ቤት ያለበት ለገሃር ራሱ በ1909 ከጅቡቲ የመጣ ባቡር የሠራው ሰፈር ነው። ጥር 2010 የአፍሪካ ኅብረት የሰዎችን ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ያጸደቀውም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች በየቤታቸው ሊያጸድቁት ይገባል። ዓመታት አልፈውም ያደረጉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጉልበታችሁን ለክርክር የምታውሉት ከሆነ፣ የምንከራከርበት ነገር ይህ ነው።

ይህ የመንግሥታት ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ወደ እኛ ሥራ እንምጣ።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ እኛ ገባ። ጥቂቶቹ አዲስ አበባ ደረሱ። እኛ ግቢ አንድ ቤተሰብ አለ። አያት፣ እናትና ሦስት ልጆች ናቸው። የሚኖሩት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ያንን ቤት ደላላው ከዚያ በፊት ለእኔ ዘመድ ያለውን ዋጋ አውቀዋለሁ። ለእነሱ እጥፍ አደረገው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ዶላር አላቸው» አለኝ። የላቸውም። እናትየዋ የወርቅ አምባሯን ሸጣ ነው የሦስት ወሩን የከፈለችው። ልጆቹን የሰፈሩ ልጆች በቆዳቸው ቀለም ስም አውጥተውላቸዋል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ልጅ እንዲህ ያለ ስም ከራሱ አያመጣም፤ ከእኛ ሰምቶ ነው። ሼም ነው፣ ወገኖቼ።

እናትየዋ አንድ ጠዋት ፉል በሰሐን ላከችልን። ፒያሳ ላይ እየተጋፋን የምንበላውን ፉል ማለቴ ነው። እኔ በሰሐኑ እንጀራ መለስኩላት። አያትየዋ ቆረስ አድርገው ቀመሱና ሳቁ። «ኪስራ» አሉ። ኪስራ እነሱ ከማሽላ የሚጋግሩት ስስ እንጀራ ነው። አማርኛም አረብኛም ሳያስፈልገን ተግባባን።

ኡም ራኩባ የሚባል ቦታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ያለ መጠለያ ነው። በ1977 ድርቅ ጊዜ የእኛ ሰዎች በእግራቸው ሄደው እዚያ ተጠግተዋል። በ2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ያው ቦታ እንደገና ተከፈተ። የእኛ ሰዎች እንደገና ያው አፈር ላይ ተኙ። በደርግ ዘመን በገዳሪፍ፣ በከሰላና በካርቱም ያለፈውን ሰውማ ማን ይቆጥረዋል? ከእናንተ መሐል አባቱ ካርቱም ላይ ቀን ሥራ የሠራ አለ። ዛሬ ካናዳ ሆኖ ገንዘብ የሚልክላችሁ አጎት በዚያው በኩል ያለፈ ይሆናል። እዚያ ያገኛቸው ሁሉ ደግ ነበሩ አልልም። ግን በሩ ተከፍቶለት ነበር።

አገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ታስተናግዳለች። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን የመጡ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራትና የመማር መብት ተሰጥቷቸዋል። በዚህ ስንኮራ ግን ሸክሙን ማን እንደተሸከመ አንርሳ። ጋምቤላ ነው፣ ሶማሌ ክልል ነው፣ ቤኒሻንጉል ነው። እኛ መሐል አገር ያለነው ጥቂቱን ይዘን በኪራይ እንገፋቸዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅቡቲ ገበያ ውስጥ አማርኛ ይሰማል። አሥመራ ላይ የሸመገለ ሰው አማርኛ ያወራችኋል። እኛስ? ቦሌ ሚካኤል ለዓመታት ከሶማሌ ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው «ኢስካ ዋራን» ማለት ያልተማሩ ሰዎች አውቃለሁ። የአፍሪካ መዲና ነን ስንል ቢያንስ የጎረቤትን ሰላምታ እንወቅ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የምንል ሰዎች አይደለንም እንዴ?

የፊታችን እሁድ እድራችን ይሰበሰባል። የሱዳኗ እናት እድር ልግባ ብላ ጠይቃለች። አያትየዋ ታመዋል። ቢሞቱ ማን ያነሳቸዋል ብላ ሌሊቱን እንደማትተኛ ነገረችኝ። እድራችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። ግን «ነገ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው» የሚሉ አሉ። «መታወቂያ የላቸውም» የሚሉም አሉ። የእድሩን ደንብ አውጥቼ አነበብኩት። አባል መሆን የሚችለው «የሰፈሩ ነዋሪ የሆነ» ይላል። ሌላ መስፈርት የለውም። ደንቡን ካረቀቁት ሰዎች መካከል ጋሼ አሉበት፤ ፊርማቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።

እሁድ እጄን አውጥቼ ይግቡ እላለሁ። እናንተም በየእድራችሁ ይህንኑ ጥያቄ አንሱ፤ በየሰፈሩ እንደነዚህ ያለ ቤተሰብ አለ። የመግቢያውን ገንዘብ ለአራት ለመክፈል ተነጋግረን እስካሁን ሦስት ሆነናል። አንድ ሰው ይጎድለናል።