ከአሜሪካ ስለመጣ ብቻ ጨቅላ አይተኛበትም

ጎንደር ውስጥ አራስ ያለባችሁ ወይም በቅርቡ የምትወልዱ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። ያ ዘንበል ተደርጎ የተሠራው፣ ሕፃኑ ግማሽ ተቀምጦ ግማሽ ተኝቶ በቤልት የሚታሰርበት፣ በእግር ነካ ሲያደርጉት የሚወዛወዘው የሕፃን መኝታ እቤታችሁ ካለ ልጁን አታስተኙበት። ቀን ለአጭር እንቅልፍም ቢሆን፣ ሌሊትማ በጭራሽ።

እዚህ ከተማ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ ልጅ ተወለደ ከተባለ ከዋሽንግተን ከዳላስ ሻንጣ ይጫናል፣ ዳይፐሩ ጡጦው ልብሱ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደሞ ያ መኝታ ታጥፎ አብሮ ይገባል። አንዱ ልጅ ሲያድግ ለእህት ልጅ፣ ከዛ ለጎረቤት ይተላለፋል። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ የሕፃን ዕቃ የሚሸጡትም "ኦሪጅናል የአሜሪካ" ብለው ይለጥፉታል፣ ሰውም የአሜሪካ ከሆነ ተፈትሾ ነው የመጣው ብሎ ይገዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው፣ አሜሪካ ራሷ እኮ ዕቃውን ከልክላዋለች።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፊሸር ፕራይስ የሚባለው ትልቅ የሕፃን ዕቃ ካምፓኒ ሮክ ኤን ፕሌይ የተባለውን ዘንባላ መኝታ በ2009 ገበያ ላይ አወጣው፣ ወላጅ ወደደው፣ ልጅ ቶሎ ይተኛበታላ። በኤፕሪል 2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚሆነው ከገበያና ከገዢዎች እንዲሰበሰብ ተደረገ (ሪኮል የሚሉት ይሄንን ነው)፣ እስከዛ ድረስ ከ30 በላይ ሕፃናት ሞተውበት ነበር። በዛው ወር ኪድስ ቱ የሚባል ሌላ ካምፓኒም ወደ 694 ሺህ የሚጠጋ ተመሳሳይ መኝታውን ሰበሰበ። በጃንዋሪ 2023 የሪኮሉ ማስታወቂያ እንደገና ሲወጣ ፊሸር ፕራይሱ ላይ እያሉ ሞቱ ተብለው ሪፖርት የተደረጉት ወደ 100 ደርሰዋል፣ ቢያንስ 8ቱ ደሞ የሞቱት ሪኮል ከተደረገ በኋላ ነው። ከሱቅ ወጣ እንጂ ከሰው ቤት አልወጣማ! በመሀል በሜይ 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታን ጭራሽ አገደ፣ ከዛው ዓመት ኖቬምበር ጀምሮ ማምረትም መሸጥም አይቻልም።

ለምን 10 ዲግሪ? ያኔ የአርካንሳስ የሕክምና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረችው ዶክተር ኤሪን ማነን ለአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ባጠናችው ጥናት 10 ዲግሪና ከዛ ያነሰው ነው ለእንቅልፍ የሚሆነው ብላለች፣ የሮክ ኤን ፕሌዩ ግን 30 ዲግሪ ነበር። የጨቅላ ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፣ አንገቱ ደሞ ገና አልጸናም። ዘንበል ብሎ ሲተኛ ጭንቅላቱ ወደፊት ይደፋል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ ቱቦ ሲታጠፍ ውኃው እንደሚቀንሰው የአየር ቧንቧውም ይጠባል። በዛ ላይ ዘንባላው ላይ መገልበጥ ይቀለዋል፣ ከተገለበጠ በኋላ ግን ለመተንፈስና ራሱን ለማውጣት የሆዱ ጡንቻ ብዙ ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል፣ ፊቱ ለስላሳው ጨርቅ ውስጥ ይቀራል። እና አያለቅስም። አየር ያጠረው ሕፃን ድምፅ የለውም፣ እናቱ አጠገቡ ተኝታም ላትሰማ ትችላለች።

ባለፈው አዘዞ አራስ ልንጠይቅ ገባን፣ ገንፎው ቀረበ፣ ወሬው ደመቀ፣ ልጁ ጥግ ላይ እንደዚህ ያለው መኝታ ላይ ተኝቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው አገጩ የሹራቡ አንገትጌ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሩ ወደታች ተጭኗል፣ ሲተነፍስ በቀጭኑ ያንኮራፋል። ሰው ሁሉ "እንዴት ደስ ብሎት ተኝቷል" ይላል። አያቱ ብቻ ብድግ ብለው "ኧረ አንገቱ ተደፋ እናንተ" አሉ። ልጃቸው "እማዬ ተይው፣ ፈረንጅ አስቦበት የሠራው እኮ ነው" አለቻቸው። እሳቸው አልሰሟትም፣ ቤልቱን ፈተው አንስተው አልጋው ላይ በጀርባው ዘረጉት። ማንኮራፋቱ ቆመ። የሕክምና ትምህርት አልተማሩም፣ ግን ትክክሏ እሳቸው ነበሩ።

እናቶቹ ላይ መፍረድ ግን አልፈልግም። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛች አራስ ልጇን ሁለት ሰዓት የሚያስተኛላት ዕቃ ስታገኝ እንዴት ትጣለው? ደሞ ብዙዎቹ የሚሉት "ያቀረሻል፣ ቀጥ ብሎ ከተኛ ትን ይለዋል" ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው፣ የመለሰው ወተት ወደላይ ወጥቶ አየር ቧንቧው ውስጥ መግባት ይከብደዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም መኝታን ማዘንበል ማቅረሻቱን አይቀንሰውም ይላል። አጥብቶ ማስገሳት፣ ትንሽ ትከሻ ላይ ማቆየት፣ ከዛ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ በጀርባ ማስተኛት ነው። አሜሪካ በ1994 ሕፃናትን በጀርባ አስተኙ የሚል ዘመቻ ጀምራ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ነው የወረደው። ልጁ የሚያቀረሸው በጣም ከሆነ ወይም ክብደት ካልጨመረ ሐኪም ጋ ይወሰድ፣ መኝታ መድኃኒት አይሆንም።

"ቤልት አለው እኮ" የሚሉም አሉ፣ ቤልቱ ወገቡን እንጂ ጭንቅላቱን አይዝም። "እኔ እያየሁት ነው" ለሚሉ ደሞ፣ ነቅቶ እያያችሁት እየተጫወተ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ዓይኑ ሲከደን ግን አንስታችሁ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ አስተኙት። የመኪና የሕፃን ወንበርም እንደዛው ነው፣ ለመኪና ነው የተሠራው፣ ቤት ከገባችሁ ልጁን ከወንበሩ አውጡት።

ታዲያ የት ይተኛ? ለእኛ ይሄ ውድ ነገር አይጠይቅም። ጠንከር ያለ፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ ትንሽ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ፣ እናቱ ክፍል ውስጥ ከአልጋዋ አጠገብ፣ ትራስ የለ አሻንጉሊት የለ። የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ከመቆለል ልብሱን ደረብ ማድረግ ይሻላል፣ ፊቱ ላይ የሚመጣ ነገር አይኑር። ሐኪሞቹ አንድ ክፍል ግን የተለየ መኝታ ነው የሚሉት፣ እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋ እንደሚተኛ አውቃለሁ፣ ቦታ ካለ ለይቶ ማስተኛት ነው የሚሻለው፣ ከሌለ ቢያንስ ትራሱና ወፍራሙ ብርድ ልብስ ይራቅለት፣ ሶፋ ላይ ደሞ ይዛችሁት እንዳታሸልቡ።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ፍቅራችሁን እናውቃለን፣ ግን ሻንጣው ከመታሸጉ በፊት የዕቃውን ስምና ሞዴል የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ዌብሳይት ላይ አስገብታችሁ እዩት፣ ሪኮል ተደርጎ እንደሆነ ይነግራችኋል። እናንተ ጋ ሪኮል የተደረገ ዕቃ መሸጥ ሕገወጥ ነው፣ የእኛ ልጅ ከእናንተ ልጅ በምን ያንሳል? ነርሶችና ጤና ኤክስቴንሽኖችም ስለ ጡትና ስለ ክትባት ስታስረዱ ልጁ የት እንደሚተኛ ብትጠይቁልን፣ አንድ ጥያቄ ናት።

ቤታችሁ ያለውን ደሞ "ይሄን ያህል ብር የወጣበት" ብላችሁ ለጎረቤት ወይም ለቤት ሠራተኛዋ እንዳትሰጡት፣ ቆጥ ላይም እንዳታስቀምጡት፣ ነገ አንዱ ያወርደዋል። ጨርቁን በመቀስ ቅደዱት፣ ብረቱን አጣማችሁ ለቆራሌው ስጡት።